ፓርቲ የሌለበት የድምፅ ወረቀት፦ የታኮማ ፓርክ ምርጫ ከአንዲት መራጭ ዓይን

ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ፀጉር ቤት፣ ስለ ታክስ ሠሪ አስተያየት እንጽፋለን። ስለ ምርጫ ግን የምናወራው ማን አሸነፈ የሚለውን ብቻ ነው። ምርጫም እኮ አገልግሎት ነው። ሰው ጊዜውን ይሰጥበታል፣ ወረቀት ይሞላበታል፣ አንዳንዱ ረክቶ አንዳንዱ አዝኖ ይወጣል። ስለዚህ ዛሬ የምኖርባትን ከተማ፣ የታኮማ ፓርክን የምክር ቤት ምርጫ ልገምግምላችሁ። ነጥቤን ቀድሜ ልናገር፤ ከአምስት አራት።

ታኮማ ፓርክ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ድንበር የምትጋራ ትንሽ ከተማ ናት። ሕዝቧ 17 ሺህ ገደማ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቷ ነው። ሜፕል አቬኑ ላይ ያሉት ረጃጅም አፓርታማዎች ውስጥ ሊፍት እየጠበቃችሁ አማርኛ ብትሰሙ አይግረማችሁ። እኔም ከእነሱ በአንዱ ነው የምኖረው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ሄጄ መንከባከብ ነው። ብዙ ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነኝ።

ከተማዋ አንድ ከንቲባና ስድስት የምክር ቤት አባላት አሏት። ስድስቱ ከስድስት ዋርዶች (የምርጫ ክልሎች) ይመረጣሉ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ፓርቲ የለም። ዲሞክራት አይልም፣ ሪፐብሊካን አይልም፣ ምልክትም የለውም። ያለው ስም ብቻ ነው። ከስሙ ጎን ክቦች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ክብ አንደኛ ምርጫሽ፣ ቀጣዩ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ ነው። አንድ ሰው አጥቁሮ መውጣት ይቻላል። ከፈለጋችሁ ግን ሁሉንም በደረጃ ታስቀምጣላችሁ።

ይህ ለኔ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

የመጀመሪያ ድምፄን የሰጠሁት አዲስ አበባ ነው፣ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.። ኮልፌ ነበር የምንኖረው። ሳይነጋ ነው የወጣነው። አባቴ ጋቢውን ደርቦ ከፊቴ ቆሟል። ወረፋው ዞሮ ዞሮ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ግን የሚያጉረመርም ሰው አልነበረም። ያንን ቀን ሳስበው ቀድመው የሚመጡልኝ ምልክቶቹ ናቸው። ንብ አለች። ሁለት ጣት አለ። ሰው ሁሉ የሚያወራው በእነሱ ነበር። ቤት ስገባ አውራ ጣቴ ላይ ያለውን ቀለም ለአክስቴ አሳየኋት። "ማንን መረጥሽ?" አለችኝ። ምልክቱን ነገርኳት። "እሱንስ አወቅሁ፣ ሰውየው ማን ይባላል?" አለች።

አላውቅም ነበር። ሰፈሬን ወክሎ ፓርላማ የሚገባውን ሰው ስም ሳላውቅ፣ ከንጋት ጀምሮ ቆሜ ድምፄን ሰጥቼ መጣሁ። ያ ጥያቄዋ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 ላይ የሕዝብ ተወካይ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ ግን ምርጫው በአብላጫ ድምፅ ነው ተብሏል። ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ያሸንፋል፣ የቀረው ድምፅ የትም አይገባም። እንዲህ ባለ ምርጫ ሰው የሚፈራው "ድምፅ እንዳይበታተን" ነው። ስለዚህ የሚወደውን ትቶ ያሸንፋል ወደተባለው ፓርቲ ይሄዳል። የግል ተወዳዳሪ ደግሞ እዚያ ላይ ይወድቃል። ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ1997 ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው አሸነፉ፤ ግን የቀድሞ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ2002 ከ547 መቀመጫ ለግል ተወዳዳሪ የደረሰው አንድ ብቻ ነው፣ ቦንጋ ላይ። በ2013 ደግሞ አራት ሆኑ። ስሙ ያልገነነ፣ ሰፈሩ ብቻ የሚያውቀው ጥሩ ሰው በዚህ መንገድ ያልፋል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው።

ወደ ታኮማ ፓርክ ልመለስ። ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁት በ2014 ነው። (የአሜሪካውን ዓመት በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በማግስቱ ዓመት የከተማ ምርጫ ነበር። ጎረቤቴ "አንቺም መምረጥ ትችያለሽ" ስትለኝ የምትቀልድ መሰለኝ። ግሪን ካርድ ነበር የያዝኩት። ለካ እዚህ ከተማ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ለከተማው ምክር ቤት ይመርጣል። ነገሩ የተጀመረው በ1991 ነው። ነዋሪው ተጠይቆ በጠባብ ልዩነት ይሁን አለ፣ በ1992 የከተማው ቻርተር (መተዳደሪያ ሕጉ) ተሻሻለ። በ2013 ደግሞ 16 ዓመት የሞላቸው ልጆችም እንዲመርጡ ፈቀዱ። እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው የአሜሪካ ከተማ ታኮማ ፓርክ ነው። በደረጃ መምረጥ የመጣው በመሀል ነው። በ2005 ሕዝቡ ተጠየቀ፣ 84 በመቶው ደገፈው፣ በ2007 ሥራ ላይ ዋለ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ከነዚህ ምርጫዎች በአንዱ፣ ዋርዳችን ውስጥ ሦስት ሰዎች ይወዳደሩ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ሴት ናት፣ ክሊፕቦርድ ይዛለች። የምትወዳደረው ራሷ ናት። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ "ይቅርታ፣ ሌላ ሰው ነው የምመርጠው" አልኳት። እንደለመድኩት አመስግና የምትሄድ መስሎኝ ነበር።

አልሄደችም። "ጥሩ ነው፣ እሱን አንደኛ አድርጊው። ሁለተኛሽ ማነው?" አለችኝ።

ሁለተኛ አላሰብኩም ነበር። "እሺ፣ ሁለተኛሽ ለመሆን ምን ማወቅ አለብኝ?" ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ሊፍቱ ነገርኳት። ስለ ኪራዩ አወራን። ይህ ከተማ የኪራይ ጭማሪ ላይ ጣሪያ ያለው ከተማ ነው፤ ለኛ ዓይነቱ አፓርታማ ነዋሪ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ የለም። እሷ ጣሪያው ላይ ያላትን ሐሳብ ነገረችኝ። አንዱ ላይ ተስማማን፣ አንዱ ላይ አልተስማማንም። ያልተስማማንበትንም ጻፈችው። አሥር ደቂቃ ያህል ቆማለች።

በሕይወቴ እንዲህ ያነጋገረኝ ፖለቲከኛ አልነበረም። በፓርቲ ምርጫ ቢሆን ኖሮ የሌላ ሰው ደጋፊ ነኝ ባልኩበት ሰከንድ ለሷ የተዘጋ በር ነበርኩ። ጊዜዋን አታባክንም፤ ወደ ደጋፊዎቿ በር ትሄዳለች። እዚህ ግን የኔ ሁለተኛ ክብ ለሷ ዋጋ አለው። ስለዚህ ታዳምጠኛለች። ስለዚህ ያ አንደኛ ያልኩትን ሰውም ክፉ አትናገርበትም፤ ተናግራ ካስቀየመችኝ ሁለተኛም አልሰጣትም። ወረቀቱ ላይ ያለች አንዲት ትርፍ ክብ የሰውን አነጋገር እንዲህ ትቀይራለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቆጠራውን "ይከብዳል" የሚሉ ሰዎች አሉ። ለኔ ከእቁብ ሂሳብ አይከብድም። መቶ ሰው መረጠ እንበል። አንዱ 40፣ ሁለተኛዋ 35፣ ሦስተኛው 25 አገኙ። ከግማሽ በላይ ያገኘ የለም። ሦስተኛው ይወጣል። የሱ 25 ሰዎች ወረቀት ግን አይጣልም። ሁለተኛ ማንን አሉ ተብሎ ይታያል። 18ቱ እሷን፣ 5ቱ እሱን ካሉ፣ 2ቱ ደግሞ ምንም ካልሞሉ፣ እሷ 53 እሱ 45 ይሆናሉ። እሷ አሸነፈች። መጀመሪያ የመራው ተሸነፈ ማለት ነው። ይህ ቅር የሚላቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ ግን ይገባኛል፤ 40 ሰው የወደደው 60ው ካልፈለገው፣ የ40ው ተወካይ እንጂ የመቶው አይደለም።

ልዩነቱ ይበልጥ የታየኝ ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ነው። የመራጭነት ፎርም ስሞላ ፓርቲ ምረጪ የሚል ቦታ ደረስኩ። ከ1997 ወዲህ የማንም ፓርቲ ሰው ላለመባል ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ "ፓርቲ የለኝም" የሚለውን ሞላሁ። በ2022 ሐምሌ ፕራይመሪ (ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) ላይ ሄጄ የተሰጠኝ ወረቀት የትምህርት ቦርድ ምርጫ ብቻ ያለበት ሆነ። ሜሪላንድ ውስጥ ሕጉ ይኸው ነው፤ በፓርቲ ካልተመዘገብሽ በፓርቲው ፕራይመሪ አትገቢም። ካውንቲያችን (ከከተማ በላይ፣ ከግዛት በታች ያለው አስተዳደር) ሞንትጎመሪ ደግሞ የዲሞክራቶች አገር ነው። ፕራይመሪውን ያሸነፈ ኅዳር ላይ ዋናውንም ምርጫ አሸነፈ በሉት።

በዚያው ፕራይመሪ የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ቦታ በ32 ድምፅ ልዩነት ተወሰነ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት ካውንቲ፣ 32 ድምፅ! ያሸነፉት ማርክ ኤልሪች 40 በመቶም አልሞሉም። ሦስተኛ የወጣው ሰው የያዘው ድምፅ 20 በመቶ ያህል ነበር፤ የነዚያ ሰዎች ሁለተኛ ምርጫ ማን እንደነበር የጠየቀ የለም። ኤልሪች ራሳቸው ከዚያ በፊት የኛ ከተማ ምክር ቤት አባል ነበሩ። በእኔ ግምት በደረጃ ቢቆጠር እሳቸውም ያሸንፉ ይሆናል። ሰውየው ላይ ቅሬታ የለኝም። የሚያሳዝነኝ እኔና እንደኔ ፓርቲ የሌላቸው ነዋሪዎች ከበሩ ውጭ መቆማችን ነው፤ የሚበዛው ሕዝብ ምን እንደፈለገም ሳይታወቅ መቅረቱ ነው።

አሁን ስለ ጉድለቱ። አራት የሰጠሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ፓርቲ ከሌለ የቤት ሥራው ያንቺ ነው። የፓርቲ ስም ለደከመው ሰው አቋራጭ መንገድ ነው። እዚህ የማታውቂያቸው አራት ስሞች ፊት ለፊት ይቀመጡብሻል። የተወዳዳሪዎች መድረክ ማታ ነው የሚደረገው፤ እኔ ያኔ ሥራ ላይ ነኝ። በር ላይ ከሚተዉት ወረቀቶች አብዛኛው የደረሰኝ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። በዚህ ላይ የራሱ ቤት ያለው፣ ጊዜ ያለው፣ ስብሰባ የሚወድ ሰው ይጠቀማል። አፓርታማ ተከራይቶ የሚኖረው፣ ሁለት ሥራ የሚሠራው ይቀራል። ይህን ችግር ወረቀቱ ብቻውን አይፈታውም።

አንዳንዴ ደግሞ ተወዳዳሪው አንድ ብቻ ይሆናል። ያኔ ደረጃ ምን ይሠራል? ፓርቲ ሰው ፈልጎ የማቅረብ ሥራ ይሠራል፤ ፓርቲ ሲጠፋ ያንን ሥራ የሚተካ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ጉድለት ከሁሉ በላይ ነው የምቆጥረው።

ሁለት ፖስታ የሚባል ነገርም አለ። ከ2020 ጀምሮ የከተማው ምርጫ ከአገር አቀፉ ምርጫ ጋር በአንድ ቀን ሆኗል። የመራጭ ቁጥር ለመጨመር ጥሩ ነው። ግን የከተማው የድምፅ ወረቀት በአንድ ፖስታ ለብቻው ነው፣ የካውንቲው በሌላ ፖስታ ለብቻው። አንዱን በሌላው ሣጥን እንዳትከቱ ተጠንቀቁ።

"ታኮማ ፓርክማ ሁሉም አንድ ዓይነት ሐሳብ ነው ያለው፣ ፓርቲ ቢጠፋ ምን ይገርማል?" የሚል ሰው ይኖራል። እውነት አለው። ከተማዋ ወደ ግራ ያዘነበለች ናት፤ ሪፐብሊካን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ነብራስካ የምትባለው ግዛት ምክር ቤቷ ከ1936 ጀምሮ ያለ ፓርቲ ስም ነው የሚመረጠው። 49 አባላት ናቸው። የኮሚቴ ሰብሳቢዎቻቸውን የሚመርጡት በምሥጢር ድምፅ ነው። ማን ከየትኛው ፓርቲ እንደሆነ ሕዝቡ ያውቃል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አይጻፍም። አላስካ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ፕራይመሪውን ለሁሉም ከፈተችው። ማንኛውም መራጭ ከሁሉም ተወዳዳሪ አንዱን ይመርጣል፣ አራቱ ያልፋሉ፣ ኅዳር ላይ በደረጃ ይመረጣሉ። በዚያው ዓመት ሜሪ ፔልቶላ የምትባል የአላስካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ዲሞክራት፣ ሪፐብሊካን በሚበዛበት ግዛት ለኮንግረስ ተወዳድራ የቀድሞዋን የአላስካ ገዥ ሣራ ፔሊንን አሸነፈች። በ2024 አላስካዎች ይህን አሠራር እናጥፋው ተብለው ተጠየቁ፤ ለጥቂት ተረፈ። ማለት ሁሉም አልወደደውም። ጎረቤታችን ዲሲ በዚያው ዓመት በደረጃ መምረጥንና ፕራይመሪ ለገለልተኞች መክፈትን በትልቅ ልዩነት ደገፈ።

ለኛ ሰው ይህ ሁሉ ባዕድ አይደለም። እድራችንን አስቡት። ሊቀመንበር ስንመርጥ የማን ፓርቲ ነው ብለን አንጠይቅም። "እሷ ሂሳብ ላይ ጠንካራ ናት"፣ "እሱ ሐዘን ቤት ቀድሞ ይደርሳል" ነው የምንባባለው። የማይስማሙ ሰዎች በአንድ እድር ዓመታት ይዘልቃሉ፤ ድንኳን ሲተከል ሁሉም ገመድ ይይዛል። ወደ አገር ፖለቲካ ስንገባ ግን ያንን እናውቅ የነበረውን ሰው ትተን ምልክት እንፈልጋለን። እኔ ፓርቲ ይጥፋ አልልም። መንግሥት መመሥረት፣ በጀት ማጽደቅ ቡድን ይፈልጋል። ግን ሰውየው ከምልክቱ በስተጀርባ መጥፋት የለበትም።

ለአዲስ መጪ የሚሆን ምክር። ግሪን ካርድ ወይም ሌላ ወረቀት ያላችሁ የታኮማ ፓርክ ነዋሪዎች፣ የምትመዘገቡት ከተማው ጽሕፈት ቤት፣ ሲቲ ክለርክ ጋ ነው። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ "መራጭ ሆነህ ተመዝገብ" የሚለውን በፍጹም እንዳትነኩ፤ እሱ የግዛትና የፌዴራል ነው፣ ዜጋ ላልሆነ ሰው ትልቅ መዘዝ አለው። የዜግነት ማመልከቻውም ላይ ስለ ምርጫ ጥያቄ አለ። እኔ ቃለ መጠይቁ ላይ የከተማ ምርጫ ብቻ እንደሆነ፣ የከተማው ሕግም እንደሚፈቅድ አስረድቼ አለፍኩ። የናንተ ጉዳይ ይለያል፤ ቀድማችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። ለከተማው ምርጫ በዕለቱም መመዝገብ ይቻላል፤ አድራሻችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። ወረፋ ብዙም አያጋጥማችሁም። ዋጋው ነፃ ነው።

ባለፈው ከላይኛው ፎቅ ያሉት እማማ ፖስታቸውን ይዘው ወረዱ። ቡና እየጠጣን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። የ16 ዓመቷ የእህቴ ልጅም የራሷን ይዛ አጠገባችን ተቀመጠች። እሷ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ስልኳ ላይ ስለ ተወዳዳሪዎቹ አነበበችና ሦስቱንም ክብ ሞላች። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ስሞቹን አንድ በአንድ አስነበቡኝ። በሁለተኛው ስም ላይ "ይህቺማ ዝናብ ሲዘንብ መጥታ ደረጃው ላይ ያነጋገረችኝ ናት" አሉ። አንደኛ አደረጓት።

"ልጄ፣ የቀሩትን ካላወቅኳቸውስ?" አሉኝ።

"አይሙሏቸው እማማ፣ ድምፅዎ አይበላሽም።"

እስክሪብቶውን አስቀመጡት። ትንሽ ቆይተው እንደገና አነሱት። "እስቲ ያንን ሰውዬም አንብቢልኝ፣ ሁለተኛ እናድርገው እንደሁ" አሉ።